ዋንዛን እንወቀው፤ ስለ እንጨቱ ጠባይና ጥቅም



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እንጨት ነው። በተለይም ስለ ዋንዛ። እርሳሳችሁንና ደብተራችሁን አቅርቡ። በመጨረሻ ላይ የምትጽፏቸው ቃላትና የምትመልሷቸው ጥያቄዎች አሉ።

«እንጨት ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ስንፈልጠውና ስንማግደው የኖርን ሰዎች አይደለንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ማገዶነቱን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በር፣ አልጋ ወይም ሳጥን ሲሆን እንጨት የራሱ ጠባይ አለው። ጠባዩን ያላወቀ ሰው ገንዘቡን ይከስራል። እኔም ባላወቅሁት ነገር አንድ ጊዜ አፍሬአለሁ። ከዚያው ልጀምርላችሁ።

የትምህርት ቤቱ በር

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ነበርኩ። የአንደኛ ክፍል በር በምስጥ ተበልቶ ወደቀ። ወላጆች ገንዘብ አዋጡ። ጤፍ የሸጠም፣ ዶሮ የሸጠችም ነበሩ። በሩን የማሠራቱ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ገበያ ወጥቼ ርካሽ ጣውላ ፈለግሁ። ገና የተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ አገኘሁ። ሲነኩት ይቀዘቅዛል፤ ሲያነሡት ይከብዳል። እኔም «ከባድ ነውና ጠንካራ ነው» ብዬ ገዛሁት። አናጢው አሳምሮ ሠራው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሰው ሁሉ አጨበጨበልን።

ኅዳር ሲደርስ በጣውላዎቹ መካከል ክፍተት ታየ። ከውጭ የቆመ ልጅ ዓይኑን አስጠግቶ ሰሌዳውን ማንበብ ይችል ነበር። ጥር ላይ ደግሞ በሩ ተጣመመ። ላዩ ሲገጥም ታቹ አይገጥምም፤ ቁልፉም ከቀዳዳው አይገናኝም። አንድ የልጆች አባት መጥተው አዩትና፣ «መምህር፣ ይህን በር ያሠራኸው ለልጆቻችን ነው ወይስ ለነፋሱ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በአካባቢው አንድ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ለምኜ አመጣኋቸው። በሩን በእጃቸው ዳሰሱት።

«አባባ፣ ልጁ ነው ያበላሸው?» አልኳቸው።

«ልጁ ምን ያድርግ?» አሉኝ። «አንተ የሰጠኸው ውኃ ነው። ውኃው ሄደ፤ በሩም አብሮት ሄደ።»

ከዚያ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ከሠርጋቸው ጊዜ ጀምሮ ያለ የዋንዛ ሳጥን አሳዩኝ። ክዳኑን አንሥተው ለቀቁት። ጢም ብሎ ገጠመ። «ይህ ጣውላ ሳጥን ሳይሆን በፊት አንድ በጋ ሙሉ ከጎተራ ሥር ተኝቷል» አሉኝ።

ውድ አድማጮች፣ ያን ቀን ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ እንጨት የሚሆንለት ሥራ አለው። ሁለተኛ፣ ጥሩ እንጨት እንኳ ሳይደርቅ ከተሠራ ይበላሻል። የዛሬው ትምህርታችን እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ዋንዛ ምን ዓይነት ዛፍ ነው?

ዋንዛ የአገራችን የራሷ ዛፍ ነው። በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል። በኦሮምኛ ዋዴሳ፣ በትግርኛ አውሒ ይባላል። በጣም ቆላ በሆነ በረሃም ሆነ ውርጭ በሚበዛበት ደጋ አይስማማውም። የሚወደው ወይና ደጋውንና ዝናብ የሚያገኘውን ቆላ ነው።

ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ነው። አበባው ነጭ ነው። ዛፉ ሲያብብ ከሩቅ ነጭ ነጠላ የለበሰ ይመስላል። ንብ አበባውን ስለምትወደው ማር የሚያነቡ ሰዎች ዋንዛን አይጠሉም። ፍሬው ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ ይጣፍጣል፤ ደግሞም እጅ ላይ ይጣበቃል። በልጅነቱ የዋንዛ ፍሬ ለቅሞ ያልበላ የወይና ደጋ ሰው ጥቂት ነው።

ገበሬው ማሳውን ሲመነጥር ብዙ ጊዜ ዋንዛን ይተወዋል። ለምን? ጥላ ይሰጣል። ቅጠሉ ይረግፍና አፈሩን ያለማል። ቡና በሚበቅልበት አገርም ዋንዛ የቡና ጥላ ነው። ጣውላው እንግዲህ የመጨረሻው ጥቅሙ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ግንዱ ሲቆረጥ

አሁን አንድ የዋንዛ ግንድ በመጋዝ ተቆርጦ ከፊታችን ወድቋል እንበል። የተቆረጠውን ፊት እንመልከት። ሦስት ነገር እናያለን።

ከሁሉ ውጭ ቅርፊቱ አለ። ቅርፊት የዛፉ ልብስ ነው። ለጣውላ አይሆንም።

ከቅርፊቱ ቀጥሎ ነጣ ያለ እንጨት አለ። ይህን የውጭ እንጨት እንበለው። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃው ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣው በዚህ በኩል ነው። ዛፉ ምግብም ያስቀምጥበታል። ይህ ምግብ ነቀዝን ይጠራል። ከዚህም የተነሣ የውጭ እንጨት ቶሎ ይበላል፤ ቶሎም ይበሰብሳል።

መሐል ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ እንጨት አለ። ይህን የውስጥ እንጨት እንበለው። የዋንዛ የውስጥ እንጨት ወደ ቡና ዓይነት ቀለም ያደላል፤ አንዳንዱ ቀላ ይላል። ይህ ክፍል ውኃ ማመላለሱን ትቷል። በውስጡ ነፍሳት የማይወዱት ነገር ተጠራቅሞበታል። ስለዚህ ምስጥንና ነቀዝን ከውጭ እንጨት በተሻለ ይቋቋማል። የዋንዛ ስሙ የገነነው በዚህ በውስጥ እንጨቱ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። «ዋንዛ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጣውላ ሁሉ እኩል አይደለም። ነጩ ክፍል የበዛበት ጣውላ ዋንዛ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው።

የዋንዛ እንጨት ጠባይ

አንደኛ፣ ቀላል ነው። የደረቀ የዋንዛ እንጨት በአንድ መጠን ካለ ውኃ ጋር ቢመዘን፣ ክብደቱ የውኃው ግማሽ ገደማ ነው። ወይራ ግን ወደ ውኃው ክብደት ይጠጋል። ስለዚህ የዋንዛ በር ማጠፊያውን አይጎትትም። የዋንዛ አግዳሚ ወንበርንም ሁለት ልጆች አንሥተው ያዞሩታል።

ሁለተኛ፣ ለመሣሪያ ይታዘዛል። መጋዝ ቶሎ ይቆርጠዋል፤ መላጊያ ያለሰልሰዋል፤ መሮም ያለ ችግር ይገባለታል። ምስማር ሲመቱበት እንደ ጥድ ቶሎ አይሰነጠቅም። ኮላም ይይዛል። በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ቫርኒሽ ሲቀባ ውበቱ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን ይጠብቃል። ብዙ አይጣመምም፤ ብዙም አይሰነጠቅም። በርና መስኮት፣ ሳጥንና ቁም ሣጥን የሚሠራ ሰው ዋንዛን የሚመርጠው በዋናነት ስለዚህ ነው።

አራተኛ፣ ድካምም አለበት። ቀላል በመሆኑ እንደ ወይራ ድብደባ አይችልም። ዋንዛን የመጥረቢያ እጀታ ብታደርጉት ቶሎ ይሰበራል። ግንዱም ብዙ ጊዜ አጭርና ጎባጣ ስለሆነ፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ጣውላ ከእሱ በብዛት አይገኝም።

ለየሥራው የየራሱ እንጨት

አሁን ዋንዛን ከጎረቤቶቹ ጋር እናስተያየው።

ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው። ለመጥረቢያና ለመዶሻ እጀታ ይስማማል። ግን ጣውላ ለማድረግ መጋዙን ያደክማል።

ጥድ ቀላ ያለና ሽታው ደስ የሚል ነው። የውስጥ እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም። ስለዚህ መሬት ውስጥ ለሚገባ የአጥር ምሰሶ ተመራጭ ነው። ዳሩ ግን በቁመቱ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ዝግባ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ለመላጊያ የሚመች እንጨት ነው። ከጣራ በታች ላለ ሥራ፣ ለምሳሌ ለኮርኒስና ለመደርደሪያ ጥሩ ነው። መሬት ነክቶ ዝናብ ከመታው ግን አይቆይም።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ብርቱም ነው። ለቤት አጣና፣ ለማገርና ለምሰሶ ስንቱን ቤት አቁሟል! ጣውላ ሲሆን ግን ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል፤ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ያ የትምህርት ቤታችን በር የተበላሸው ባሕር ዛፍ መጥፎ ሆኖ አይደለም። የማይሆነውን ሥራ፣ ያውም ሳይደርቅ፣ እኔ ስለሰጠሁት ነው።

እንጨት ለምን ይኮማተራል?

እስቲ ጠፍርን አስቡ። እርጥብ ጠፍር ይለጠጣል። ሲደርቅ ግን ይኮማተርና ያሰረውን ነገር አጥብቆ ይይዛል። ውኃው ሲወጣ ቆዳው አነሰ ማለት ነው። እንጨትም እንዲሁ ነው።

እንጨት በዓይን በማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሠራ ነው። አንድ እስር ሸምበቆ ይምሰላችሁ። ገና በተቆረጠ እንጨት ውስጥ ውኃ በሁለት ቦታ ይገኛል። አንዱ በቱቦዎቹ ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። ሌላው በቱቦዎቹ ግድግዳ ውስጥ የተዋጠው ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው በባዶ ቦታው ያለው ውኃ ነው። በዚህ ጊዜ እንጨቱ ይቀላል እንጂ አያንስም። ቀጥሎ ግድግዳው ውስጥ ያለው ውኃ መውጣት ይጀምራል። እንጨቱ መኮማተር የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ጣውላው በቁመቱ የሚያንሰው እዚህ ግባ አይባልም። በስፋቱ ግን በደንብ ያንሳል።

ይህን በቁጥር እናስላው። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ እርጥብ ጣውላ አለ እንበል። ሲደርቅ ከመቶ 5 እጅ ቢያንስ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ይቀንሳል። አራት ጣውላዎች ጎን ለጎን ተመትተው በር ቢሆኑ፣ በጠቅላላው 4 ሳንቲ ሜትር ይጎድላል ማለት ነው። አያችሁ? ልጁ ሰሌዳውን ያነበበው በዚህ በጎደለው በኩል ነው።

የደረቀ እንጨትስ ጨርሶ አይነቃነቅም ወይ? በመጠኑ ይነቃነቃል። ክረምት ላይ ከአየሩ እርጥበት ይወስድና ጥቂት ያብጣል። በበጋ መልሶ ይሰጣል። በር በክረምት የሚጠብቀው ስለዚህ ነው። በቫርኒሽ ወይም በቀለም የተሸፈነ እንጨት ግን እርጥበቱን የሚወስደው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ለውጡ ይቀንሳል።

ጣውላን እንዴት እናድርቅ?

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። ጣውላ ለማድረቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥላ፣ ነፋስና ትዕግሥት ነው።

1. ቦታ ምረጡ። ነፋስ የሚያገኘው፣ ፀሐይና ዝናብ ግን የማይመታው ቦታ ይሁን። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጣውላ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ያን ጊዜ ይሰነጠቃል።

2. ከመሬት ከፍ አድርጉት። ድንጋይ ወይም ግንድ እስከ ጉልበት ከፍታ አስቀምጡና ደልዳላ አድርጉ። ጣውላ መሬት ከነካ ምስጥ ይወጣበታል፤ እርጥበትም ይስባል።

3. በየጣውላው መካከል ቀጭን ደረቅ እንጨት አግድም አድርጉ። ውፍረቱ ሁለት ጣት ያህል ይሁን። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ ብዙ አይብለጥ። ነፋሱ በጣውላዎቹ መካከል የሚያልፈው በዚህ ነው። እነዚህ አግዳሚዎች ከታች እስከ ላይ አንዱ በአንዱ ትይዩ ይቀመጡ። ካልሆነ ጣውላው ሲደርቅ ይጎብጣል።

4. የጣውላውን ሁለት ጫፎች ቀለም ቀቡ። ውኃ በጫፍ በኩል ከሌላው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ ስንጥቁ የሚጀምረው ከጫፍ ነው።

5. ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። ክብደቱ ጣውላው ሲደርቅ እንዳይጣመም ይረዳል።

6. ጠብቁ። እንደ ጣውላው ውፍረትና እንደ አገሩ አየር ከጥቂት ወራት እስከ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ወፍራሙ ከቀጭኑ ይልቅ ብዙ ይቆያል።

መድረቁን በምን እናውቃለን?

እዚህ ላይ የተማራችሁት ንባብና ሒሳብ ይጠቅማችኋል። ከቁልሉ መካከል አንድ አጠር ያለ ጣውላ ምረጡ። በየሁለት ሳምንቱ እያወጣችሁ በሚዛን መዝኑት። ክብደቱን ከቀኑ ጋር በደብተር ጻፉ። ከዚያ ወደ ቦታው መልሱት።

ለምሳሌ ደብተራችሁ እንዲህ ይላል እንበል። በመጀመሪያ 9 ኪሎ። ቀጥሎ 8 ኪሎ። ቀጥሎ 7 ኪሎ። ቀጥሎ 6 ኪሎ ተኩል። ቀጥሎ አሁንም 6 ኪሎ ተኩል። በሌላው ጊዜም 6 ኪሎ ተኩል።

ክብደቱ መውረዱን አቆመ። ይህ ምን ማለት ነው? እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ታረቀ ማለት ነው። አሁን ለሥራ ደርሷል። ከ9 ላይ 6 ተኩል ስንቀንስ 2 ኪሎ ተኩል ይቀራል። ከዚያ ከአንድ አጭር ጣውላ ብቻ 2 ኪሎ ተኩል ውኃ ወጥቷል። ሳይደርቅ ቢገዛ ኖሮ፣ በጣውላ ዋጋ ውኃ በተገዛ ነበር!

ከዋንዛ ምን ይሠራል?

ዋንዛ ከቤት እስከ አምልኮ ቦታ አገልግሎት አለው። በርና መስኮት፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ አልጋና ሳጥን ይሠራበታል። ግንዱ ተፈልፍሎ ሙቀጫ ይሆናል። ግንዱ ከውስጥ ተቦርቡሮና በቆዳ ተለጉሞ ከበሮም ይሆናል። ቀላል በመሆኑ የከበሮ ተሸካሚው ትከሻ ብዙ አይጎዳም። ለመፈልፈል የሚመች መሆኑም ከበሮ ሠሪውን ያግዘዋል። ለንብ ቀፎም ያገለግላል።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

ጣውላ ወይም የተሠራ ዕቃ ስትገዙ እነዚህን አድርጉ።

አንሡት። ከመጠኑ በላይ ከከበደና ሲነካ ከቀዘቀዘ እርጥብ ሊሆን ይችላል።

በጣታችሁ አንኳኩት። ደረቅ ጣውላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የእርጥብ ጣውላ ድምፅ የታፈነ ነው።

አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጠርዙ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ። ጎባጣው ቶሎ ይታያችኋል።

ቀለሙን እዩ። ጠቆር ያለው የውስጥ እንጨት የበዛበትን ምረጡ። ነጩ ክፍል የበዛበትንና የነቀዝ ቀዳዳ ያለበትን ተዉ።

የተሠራ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ከማይታየው በኩል በቢላዋ ፋቅ አድርጉት። ሌላ እንጨት የዋንዛ ቀለም ተቀብቶ ሊቀርብ ይችላል። ከላይ ቡናማ ሆኖ ከሥር ነጭ ከወጣ፣ ባለቤቱን ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ገንዘቡ የእናንተ ነው።

እየሳሳ ያለው ዛፍ

ውድ አድማጮች፣ ስለ ጥቅሙ ይህን ሁሉ ስናገር አንድ ነገር ያሳስበኛል። ዋንዛ በመወደዱ ተጎድቷል። ሁሉም ስለሚፈልገው ብዙ ተቆርጧል። በተቆረጠው ልክ ግን አልተተከለም። ዛፉ ለጣውላ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ለመቁረጥ ግን ግማሽ ቀን ይበቃል።

መንግሥትም ይህን አይቶ በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የደን አዋጆች ወጥተዋል። ከእነሱም አንዱ የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ስለዚህ ዛፉ በግቢያችሁ ያለ ቢሆንም እንኳ ከመቁረጣችሁ በፊት የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

ከመጠየቅም ይልቅ መትከል ይበልጣል። የበሰለ ፍሬ ልቀሙ። የሚያጣብቀውን ሥጋውን አጥባችሁ አስወግዱ። ፍሬውን በጥላ አድርቁና በመደብ ላይ ዝሩ። ችግኙን ክረምት ሲገባ ትከሉት። ከፍየልና ከከብት እንዲተርፍ እጠሩት። ሲያድግ ደግሞ የታችኛውን ቅርንጫፍ በየጊዜው ግረዙ። ያልተገረዘ ዋንዛ ዝቅ ብሎ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ይጎብጣል። የተገረዘው ግን ቀጥ ያለ ግንድ ይሰጣል።

የበሩ መጨረሻ

ያ በር ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ወላጆችን ሰብስቤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ኋላ፣ ያ «ለነፋሱ ነው ወይ?» ያሉኝ አባት ተነሡ። «ማሳዬ ላይ ነፋስ የጣለው ዋንዛ አለ። ውሰዱት። ግን በዚህ ዓመት በር አትሥሩበት» አሉ። እኔ ሳልነግራቸው ያውቁ ኖሯል!

የሚመለከተውን አስፈቅደን ግንዱን አሰነጠቅነው። ጣውላውን ከመምህራን ቤት በስተኋላ፣ ከጣራ ሥር ከመርነው። ተማሪዎች በየሁለት ሳምንቱ እየመዘኑ ክብደቱን ግድግዳ ላይ በከሰል ጻፉ። አንድ በጋ ሙሉ ጠበቅን። በዚያ ጊዜ የክፍሉ በር ጆንያ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሽማግሌው አናጢ በሩን ሠሩልን። የደከሙበትንም አልተቀበሉንም። ዛፉ በወደቀበት ቦታ ተማሪዎች ሦስት የዋንዛ ችግኝ ተከሉ። አንዱን ፍየል በላው። ሁለቱ ጸደቁ።

ከዓመታት በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ወደ ክፍሉ ጎራ አልኩ። በሩን ገፋ አደረግሁት። ጢም ብሎ ገጠመ።

የዛሬ ቃላት

እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ጻፉ።

ዋንዛ። ግንድ። ቅርፊት። ጣውላ። መላጊያ። እርጥበት። ምስጥ። ሚዛን።

ጥያቄዎች

1. ከግንዱ ሦስት ክፍሎች ለጣውላ የሚሻለው የትኛው ነው? ለምን?
2. ለመጥረቢያ እጀታ ከዋንዛና ከወይራ የትኛውን ትመርጣላችሁ?
3. አንድ ጣውላ በመጀመሪያ 12 ኪሎ ነበር። ሲደርቅ 8 ኪሎ ሆነ። ስንት ኪሎ ውኃ ወጣለት?
4. በቤታችሁ ካለው የእንጨት ዕቃ አንዱን ተመልከቱ። ከምን እንጨት እንደተሠራ በዕድሜ ከሚበልጧችሁ ሰዎች ጠይቃችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

መልሱን ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ። ያልገባችሁን መምህራችሁን ጠይቁ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ውድ አንባቢዎቻችን፤ ለዛሬ በዚህ ይብቃን። በደኅና ቆዩ።